በኸርቴ ሸለቆ ከመኪና ርቆ ብስክሌት ለመንዳት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ኮርስ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ባለቤቴ ግን ገና ጀማሪ ናት፤ መኪና በጎኗ ሲያልፍ ትደነግጣለች። በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ ለአምስት ቀን ወደ ስፔን ሄደን የቼሪ ዛፍ የሚያብብበትን የኸርቴን ሸለቆ በብስክሌት ለማየት አስበናል። ካርታው ላይ ጎልቶ የሚታየኝ ግን አንድ ትልቅ መንገድ ብቻ ነው። ጸጥ ያለ መንገድ ይኖር ይሆን? ወቅቱ ሁዳዴ ስለሆነ ሁለታችንም እንጾማለን።

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎ፤ ጸጥ ያለ መንገድ አለ፣ እንዲያውም ብዙ ነው። የሚያገኙት ግን ካርታው ላይ ጎልቶ ከሚታየው መንገድ ወጥተው፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ በተራራው ወገብ ላይ ተንጠልጥለው መንደሮቹን በሚያገናኙት ጠባብ የአስፋልት መንገዶች ላይ ነው። እነዚህ መንገዶች አቀበት አላቸው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተማክራችሁ ልትወስኑት የሚገባው ነገር፣ ከመኪና ለመራቅ ስትሉ በቀን ምን ያህል አቀበት ለመውጣት ፈቃደኞች እንደሆናችሁ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ በዚሁ ሐሳብ የተቃኘ ነው።

የኸርቴ ወንዝ በምዕራብ ስፔን፣ በኤክስትሬማዱራ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ ከግሬዶስ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርድና ፕላሴንሲያ ከተማን አልፎ ከአላጎን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ አላጎንም በበኩሉ ወደ ታላቁ ታኾ ወንዝ ይገባል። ሸለቆው ከደቡብ ፖርቱጋል ጀምሮ የሚዘልቅ ረጅም የመሬት ስንጥቅ ተከትሎ የተፈጠረ በመሆኑ እንደ ተሰመረ ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ አንድ መንገድ ብቻ የታየዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወለሉ ጠባብ ስለሆነ ለወንዙ፣ ለእርሻውና ለአንድ መንገድ እንጂ ለሁለተኛ የሚበቃ ቦታ የለውም። ያ መንገድ ኤን-110 ይባላል። ከፕላሴንሲያ ተነሥቶ ናባኮንሴኾን፣ ካቤሱዌላ ዴል ባዬን፣ ኸርቴንና ቶርናባካስን እያገናኘ፣ በ1,275 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በቶርናባካስ በር ወደ አቢላ ግዛት ይሻገራል።

ኤን-110 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ያለው የተለመደ የአገር መንገድ ነው። ወደ ሳላማንካ የሚሄደው ከባድ ጭነት በምዕራብ በኩል በሚያልፈው በፈጣኑ ኤ-66 መንገድ ስለሚጠቀም፣ የጭነት መኪናው ብዛት እንደሚፈሩት አይሆንም። ይሁን እንጂ የሸለቆው ነዋሪ ሁሉ ለሥራ፣ ለገበያም ሆነ ለሐኪም ወደ ፕላሴንሲያ የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከከተማ ውጭ የሚፈቀደው ፍጥነትም በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለእርስዎ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቢነዱበት የሚያስቸግር አይደለም። ለባለቤትዎ ግን በተለይ ከፕላሴንሲያ መውጫ ጀምሮ በግድቡ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን ክፍል አልመክርም፤ የሸለቆው መኪና ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፕላሴንሲያ አትደሩ። ብዙ መንገደኛ ባቡር ጣቢያና ሆቴል ስላለበት ከተማው ውስጥ ያርፍና በየማለዳው ያንኑ የግድብ ዳር መንገድ ይደጋግማል። እናንተ ግን ማረፊያችሁን በሸለቆው መሐል፣ በካቤሱዌላ ወይም በናባኮንሴኾ ብታደርጉ በዋናው መንገድ ላይ የምትቆዩት በአንድ ጊዜ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ካቤሱዌላ የጥንት የእንጨትና የጭቃ ቤቶቿን ጠብቃ ያቆየች፣ የቼሪ ሙዚየምም ያላት መንደር ስለሆነች እኔ እሷን አስቀድማለሁ። ከማድሪድ ወደ ፕላሴንሲያ በባቡር የምትመጡ ከሆነ፣ በአንድ ባቡር ላይ ለብስክሌት የሚፈቀደው ቦታ ጥቂት መሆኑን አውቃችሁ ከትኬታችሁ ጋር አብራችሁ አስይዙ፤ ከጣቢያው እስከ ካቤሱዌላ ደግሞ ለዚያች ቀን ብቻ ብስክሌት የሚጭን ታክሲ መያዝ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

አሁን ወደ መንገዶቹ ልምጣ። በማንኛውም የስፔን የገጠር ሸለቆ መንገድ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ወዴት ይደርሳል? መንገዱ የሚያደርሰው አንዲት መንደር ድረስ ብቻ ከሆነ፣ የሚያገኙት መኪና የመንደሩ ሰው መኪና ነው፤ ያ ሰው እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቀዋል፣ ብስክሌተኛና ፍየል ጠባቂ ሊያጋጥመው እንደሚችልም ያውቃል። መንገዱ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን የሚቸኩል ሰው አይጠፋበትም።

በዚህ መስፈርት ለባለቤትዎ የመጀመሪያ ቀን የምመርጠው በፍሰቱ አቅጣጫ ሲታይ ከወንዙ በስተግራ፣ ከኤን-110 ተገንጥሎ ወደ ካሳስ ዴል ካስታኛርና ወደ ካብሬሮ የሚወጣውን መንገድ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይፈትናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራራው ወገብ ላይ እንደ መደርደሪያ ተዘርግቶ ከእርከን ወደ እርከን እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እርከኖቹን ልብ ብለው ይዩአቸው። ገበሬው ድንጋዩን ያለ ጭቃ እየካበ ገደሉን ደረጃ በደረጃ አስተካክሎ በየደረጃው ሁለት ሦስት ረድፍ ቼሪ ተክሏል፤ የኮንሶን ወይም የአንኮበርን እርከን ያየ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደፈሰሰበት ወዲያው ይገባዋል። በሸለቆው በሙሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቼሪ ዛፍ አለ ይባላል። መንገዱ ከእርከኖቹ ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ቦታ ላይ ቅርንጫፉ ከአስፋልቱ በላይ ወጥቶ ይታያል፤ የረገፈው አበባ በመንገዱ ዳር ሲከማች ግን ያምራል ብለው አይሂዱበት፤ ከረጠበ ያንሸራትታል። ካብሬሮ ደርሳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ያው መንገድ ቁልቁል ሲታይ ሌላ ገጽታ አለው።

ከወንዙ ማዶ፣ በስተቀኝ ያለው ተራራ ላይ ኤል ቶርኖ የምትባል መንደር አለች። ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች መዳረሻው ከካሳስ ዴል ካስታኛሩ ይልቅ ጠንከር ይላል፤ ቢሆንም ሙሉ ሸለቆውን በአንድ ጊዜ ለማየት ከዚህች መንደር የተሻለ ቦታ የለም። ከመንደሩ አጠገብ ሸለቆውን ቁልቁል የሚመለከቱ አራት የሰው ምስሎች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነትና በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን ለተረሱት ሰዎች መታሰቢያ ተብለው የቆሙ ናቸው። ከተመረቁ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው በጥይት ደበደባቸው፤ ቀራጺውም የጥይቱን ምልክት ሳይጠግን ተወው። ሰውነታቸው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ቀርበው ቢያዩ ይህ ጸጥ ያለ የገጠር አካባቢ የተሸከመውን ታሪክ ይረዱታል። ቦታው ለመድረስ በፔዳል ከሚከፈለው ዋጋ በላይ ነው፤ ሁለታችሁም ልትሄዱ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ፒዮርናል ነው፤ ይህን ግን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጠቁመው። ፒዮርናል በ1,175 ሜትር ላይ የምትገኝ የኤክስትሬማዱራ ከፍተኛዋ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የስፔን ዙር ውድድር ቩኤልታ 18ኛውን ቀን የፈጸመው እዚህ አናት ላይ ሲሆን፣ ቀኑን ያሸነፈው ቤልጅየማዊው ሬምኮ ኤቨኔፑል በኋላም አጠቃላይ ውድድሩን አሸንፏል። አቀበቱ ወደ 13 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በአማካይ ከ5 እስከ 6 በመቶ ዳገት አለው። ቁጥሩ የሚያስፈራ ቢመስልም ዳገቱ ወጥ ስለሆነ ትንፋሽዎን አስተካክለው በአንድ ማርሽ ብዙ መሄድ ይችላሉ፤ የሚጎዳው ሰው ከታች ቸኩሎ የጀመረ ነው። ከባልዳስቲያስ በሚወጣው መንገድ ላይ ካኦሶ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ በመጋቢት መጨረሻ በረዶው ስለሚቀልጥና ዝናቡም ስላላበቃ ውኃው ሙሉ ነው። ከታች አበባው ሲረግፍ ወደ ላይ ስትወጡ ገና ሲፈነዳ ታያላችሁ፤ አበባው ከሸለቆው ወለል ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ከፍታው ስለሚወጣ፣ በአንድ አቀበት ውስጥ የሁለት ሳምንት ለውጥ ያልፋሉ።

ከፒዮርናል በስተጀርባ መንገዱ በኦክና በካስታኛ ጫካ ውስጥ ወደ ጋርጋንታ ላ ኦያ ይወርዳል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ሌላ ሸለቆ፣ ማለትም ላ ቤራ ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ የስፔን ንጉሥ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ዙፋኑን ትቶ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈበትና እ.ኤ.አ. በ1558 ያረፈበት የዩስቴ ገዳም ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1556 ከቶርናባካስ ተራራውን ያቋረጠበት መንገድ በስሙ ተሰይሞ በስልክ ካርታዎች ላይ እንደ ማራኪ አቋራጭ ይታያል። የእግረኛ መንገድ ነው፤ ድንጋያማና ገደላማ ስለሆነ በኮርስ ብስክሌት አይሞከርም።

እንግዲህ እርስዎ አንድ ትልቅ ቀን ከፈለጉ የኦንዱራስ በር አለልዎት። ከካቤሱዌላ ተነሥቶ ከ1,400 ሜትር በላይ ወጥቶ ኤርባስ ወደምትባለው ከተማ የሚሻገር ጠባብ የተራራ መንገድ ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ አካባቢ ካሉት የአስፋልት መንገዶች ሁሉ ለብስክሌት የሚወዳደረው የለም፤ መኪና የሚመርጠው ሌላ መንገድ ስላለ በሥራ ቀን ረጅም ጊዜ ከፍየልና ከላም በስተቀር የሚያልፍዎት ነገር ላይኖር ይችላል። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ የተሸረሸረ ነው፤ ከመታጠፊያ በኋላ ጠጠር አለ፤ እንስሳትም መንገዱ መሐል ይተኛሉ፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን እንደ ውድድር አይውረዱት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ከኻሪያ መንደር የተነሣ ከባድ የእሳት ቃጠሎ በዚህ የተራራ ሰንሰለት ላይ ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት አቃጥሏል፤ ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ በኋላ ዝናብ ሲዘንብ ከገደሉ ድንጋይና ጭቃ ወደ መንገዱ ስለሚወርድ፣ ከመነሣትዎ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ካቤሱዌላ ውስጥ መጠየቅ ግዴታ ነው። ከኤርባስ በቀጥታ በዚያው መመለስ ይቻላል። ሙሉ ዙር የሚፈልጉ ከሆነ ግን በአሮጌው ኤን-630 ወደ ፕላሴንሲያ ይውረዱ፤ ፈጣኑ መንገድ አጠገቡ ከተሠራ በኋላ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ስለሄደ፣ ሰፊና ጸጥ ያለ መንገድ ሆኖ ለብስክሌተኛ ቀርቷል። ዙሩ በጠቅላላው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመጨረሻው ክፍልም አስቀድሜ የነቀፍኩት የግድቡ ዳር መንገድ ስለሆነ ሰዓቱን አስበው ይነሡ።

ሰዓት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አበባው የሚፈነዳው በአብዛኛው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ሙሉ ውበቱ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም፤ የብርዱ ሁኔታ በየዓመቱ ቀኑን ያስቀድመዋል ወይም ያዘገየዋል። በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሜና እሑድ ከማድሪድ ሳይቀር መኪናና አውቶቡስ ስለሚጎርፍ ጸጥታ የሚባል ነገር በመንደር መንገዶችም ላይ አይገኝም። ስለዚህ አምስቱን ቀን ከሰኞ እስከ ዓርብ አድርጉት፤ የካቶሊኮቹ ሰሙነ ሕማማት ከእኛ ጋር በአብዛኛው ስለማይገጥም ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በተለይ ከጸሎተ ሐሙሳቸው እስከ ትንሣኤያቸው ድረስ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ላይ ነውና ከዚያ ሽሹ። ከቀኑ ውስጥ ደግሞ እጅግ ጸጥ የሚለው በአውሮፓ ሰዓት ከ14፡00 እስከ 16፡30 ያለው ነው፤ ስፔናዊ በዚያ ሰዓት ምሳው ላይ ነው። በኤን-110 ማለፍ የግድ የሆነባችሁን ኪሎ ሜትሮች ለዚያ ሰዓት አስቀምጡ።

የፀሐዩም አቅጣጫ ቁም ነገር አለው። ኤል ቶርኖ ያለችበት ጎን ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ የፒዮርናል ጎን ግን ጠዋት ጥላ ውስጥ ስለሚቆይ አስፋልቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከፍ ሲሉም ውርጭ ሊያጋጥም ይችላል። ሰዓታቸው ወደ በጋ ከተቀየረ በኋላ ፀሐይ የምትወጣው በአካባቢው ሰዓት 8፡00 ገደማ ስለሆነ፣ በማለዳ ለመነሣት አትድከሙ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጠራ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ስለዚህ ወደ ቶርናባካስ ስትወጡ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ግን ቁልቁለትም ቢሆን መርገጥ ይኖርባችኋል።

ባለቤትዎ መኪና ሲያልፍ የምትደነግጥ ከሆነ የአገሩን ሕግ አስቀድማ ማወቋ ይረዳታል። በስፔን ብስክሌት የሚቀድም ሹፌር ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ ለዚህም ሲል፣ ከፊት የሚመጣ ከሌለ፣ ያልተቆራረጠውን መስመር እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ብስክሌተኞች ጎን ለጎን ሁለት ሆነው መሄድ ይችላሉ፤ ከከተማ ውጭ የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ሲመሽ ወይም ጭጋግ ሲሆን መብራትና አንጸባራቂ ልብስ ያስፈልጋል። በሰፊው ስናየው የገጠሩ ሹፌር ይህን ያከብራል፤ ከኋላ መጥቶ ቦታ እስኪያገኝ በትዕግሥት ይከተላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ሲዘገይ አሳልፈዋለሁ ብሎ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። እሷ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብላ ቀጥ ያለ መስመሯን ትጠብቅ፤ እርስዎ ደግሞ ከኋላዋ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይንዱ፤ መኪናው አስቀድሞ የሚያየው እርስዎን ይሆናል፣ ለእሷም ሰፊ ቦታ ይተርፋታል።

የብስክሌቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ከፊት ትንሹ ባለ 34 ጥርስ፣ ከኋላም እስከ 34 ጥርስ የሚደርስ ማርሽ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ በቂ ነው። ለቁልቁለት የነፋስ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ይያዙ፤ ወገቡ ላይ 18 ዲግሪ ሲሆን አናቱ ላይ እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ አለ፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ጾሙን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የአካባቢው ታዋቂ ምግብ ሚጋስ፣ የተፈረፈረ ዳቦ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአሳማ ሥጋ ስለሆነ አይሆናችሁም። የምስር ሾርባውም ቋሊማ ሊኖርበት ይችላልና ሳትጠይቁ አትዘዙ። ካቶሊኮቹ በጾማቸው የሚበሉት የሽምብራና የስፒናች ወጥ አለ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ደረቅ ዓሣ ስላለበት ያለ ዓሣ እንዲሠራላችሁ ከዋዜማው ንገሩ። ሁልጊዜ የማይታጣው የተጠበሰ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት ነው፤ ከወይራ ፍሬ፣ ከደረቅ በለስና ከለውዝ ጋር ለብስክሌተኛ ጥሩ ስንቅ ይሆናል። ከላ ቤራ የሚመጣው በኦክ ጭስ የደረቀ በርበሬ ደግሞ ለዕቃችሁ የማይከብድ፣ ቤት ሲገቡ ለሽሮውም ለድንቹም የሚሆን ነገር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ግን የፒዮርናልንና የኦንዱራስን አቀበት በባዶ ሆድ አትሞክሩ፤ ስኳር ያለቀበት ሰውነት በቁልቁለት ላይ ነው የሚያሳስተው። በዚያ ቀን አጭሩን የካብሬሮ መንገድ ከምሳ በኋላ ሂዱ፤ ወይም ጉዳዩን ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ አማክሩ። ሱቆች ከ14፡00 እስከ 17፡00 ስለሚዘጉ ስንቃችሁን ጠዋት ያዙ። በየመንደሩ ምንጭ ላይ ጠርሙስ መሙላት ይቻላል፤ «ኖ ፖታብሌ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

የቀኖቹን ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ዝናብ በዚህ ወቅት የተለመደ ነውና ጥሩ ሰማይ ያለበትን ቀን ለኦንዱራስ ወይም ለፒዮርናል፣ ደመና ያለበትን ለካብሬሮና ለኤል ቶርኖ ስጡት። ቀኑን ሙሉ የሚዘንብ ከሆነ ብስክሌቱን አቁማችሁ ከኸርቴ መንደር አጠገብ ባለው በጋርጋንታ ዴ ሎስ ኢንፊየርኖስ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውኃው ግራናይቱን ቆፍሮ የሠራቸውን ገንዳዎች በእግር ሄዳችሁ እዩ፤ መንገዱ ርጥብ ሲሆን ጫማ ከጎማ ይሻላል። አምስቱም ቀን ጥሩ ሰማይ ቢሆን ለባለቤትዎ ኤል ቶርኖን ሁለተኛ ቀን ላይ አድርጉት፤ በመጀመሪያው ቀን ከመንገዱና ከመኪናው ጋር ስለምትላመድ አቀበቱ ብቻ ይቀራታል።